የክራንክ ሻፍት ዳምፐር

የክራንክ ሻፍት ዳምፐር በሞተሩ ፊት፣ ቺንጋው በሚዞርበት በኩል፣ በክራንክ ሻፍቱ (የፒስተኖቹን ወዲያና ወዲህ ወደ ዙር በሚለውጠው ዘንግ) ጫፍ ላይ የሚታሰር ከባድ ክብ ዕቃ ነው። ሻፍቱ በእያንዳንዱ ቃጠሎ ሲጠመዘዝና ሲመለስ የሚፈጠረውን ንዝረት ወደ ሙቀት ለውጦ ያበርዳል። በብዙ ሞተሮች ላይ ከቺንጋ ፑሊው ጋር አንድ ሆኖ ስለሚሠራ በጋራዥ ውስጥ «የክራንክ ፑሊ» ከመባል አያልፍም። አሜሪካውያን ደግሞ «ሃርሞኒክ ባላንሰር» ይሉታል። ሁለቱም ስም ያሳስታል። ሥራው ቺንጋ ማዞር ብቻ ቢሆን ከቆርቆሮ የተሠራ ቀላል ፑሊ በበቃ ነበር። ሞተሩን ማመጣጠንም በመሠረቱ የእርሱ ድርሻ አይደለም፤ ይህ በክራንኩ ላይ ያሉት ክብደቶችና ባላቸው ሞተሮች ላይ የባላንስ ሻፍት ሥራ ነው። ለዚህ ጉልህ የሆነ ልዩነት የሚያሳዩት የማመጣጠኛ ክብደታቸው ከፊሉ በዳምፐሩና በቮላኖው (ከሻፍቱ ኋላ በታሰረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ላይ የተቀመጠላቸው አንዳንድ የአሜሪካ ቪ8 ሞተሮች ናቸው። የፎርድ 302 ለምሳሌ እስከ 1980ዎቹ መባቻ ባለ 28 አውንስ-ኢንች (የማመጣጠኛው ክብደት ከመሐል ርቀቱ ጋር ሲባዛ)፣ ከዚያ በኋላ ባለ 50 አውንስ-ኢንች ሆኗል። የአንዱን ዳምፐር ለሌላው ያሰረ ሰው ሞተሩ ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ ሲንቀጠቀጥ ያየዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ንዝረቱ ከየት ይመጣል

ክራንክ ሻፍት በእጅ ሲይዙት የማይበገር ብረት ይመስላል። ሞተር ውስጥ ግን እንደ ምንጭ ሽቦ የሚሠራ ዕቃ ነው። የታጠበ ጋቢ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ሲጨምቀው ያለውን መጠምዘዝ ማሰብ ይበቃል። የኋላውን ጫፍ ከባዱ ቮላኖ ይዞታል፤ ቮላኖው በቀላሉ ፍጥነቱን አይለውጥም። ፊት ላይ ያለው ሲሊንደር ሲቃጠል ፒስተኑ በቢዬላው (ከክራንኩ ጋር በሚያገናኘው ዘንግ) በኩል ክራንኩን ወደፊት ይገፋዋል፤ የፊቱ ጫፍ ከኋላው ትንሽ ቀድሞ ይሄዳል፤ ግፊቱ ሲያልፍ ሻፍቱ እንደ ምንጭ ይመለሳል፣ አልፎም ወደ ኋላ ይጠመዘዛል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሻፍቱ መደበኛ ዙሩን እየዞረ ሳለ ነው። መጠምዘዙ ከፊት ጫፍ ይከፋል፤ ወደ ቮላኖው በተጠጋ ቁጥር ይቀንስና በአጠገቡ ዜሮ የሚሆንበት ነጥብ አለ። ዳምፐር ከፊት የሚታሰረውም ለዚህ ነው፤ እንቅስቃሴ በሌለበት ቦታ የታሰረ ዳምፐር የሚያበርደው ነገር አያገኝም።

መጠምዘዙ ብቻውን ጉዳት አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው የቃጠሎው ምት ከሻፍቱ የራሱ የመወዛወዝ ድግግሞሽ ጋር ሲገጥም ነው። ዥዋዥዌ የሚገፋ ልጅ ዥዋዥዌው ሊመለስ ሲል ጠብቆ በትንሽ ጉልበት ቢገፋ እንኳ ከፍታው እየጨመረ ይሄዳል። ሞተርም እንዲሁ በጊዜው የሚገፋ ምት ሲያገኝ ሬዞናንስ ውስጥ ይገባል።

አንድ ምሳሌ በቁጥር እንይ። ባለ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደረ ባለ አራት ምት ሞተር በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ ያቃጥላል። ስለዚህ ዋናው ምቱ «ሦስተኛ ኦርደር» ይባላል፤ በአንድ ዙር ሦስት ግፊት ማለት ነው። የቃጠሎው ግፊት ግን ለስላሳ ሞገድ ሳይሆን ድንገተኛ ምት ስለሆነ ውስጡ ሌሎች ኦርደሮችም አሉ፦ 4.5፣ 6፣ 7.5፣ 9። ሻፍቱ 200 ኸርዝ የራሱ ድግግሞሽ ቢኖረው ይህ በደቂቃ 12,000 ውዝዋዜ ነው። 12,000ን ለኦርደሩ ስናካፍል አደገኛው ዙር ይወጣል፦ ዘጠነኛው ኦርደር 1,333 ዙር በደቂቃ ላይ፣ ስድስተኛው 2,000 ላይ፣ 4.5ኛው 2,667 ላይ፣ ሦስተኛው 4,000 ላይ ይገጥማል። ከ2,200 ዙር በላይ ለማይሄድ የናፍጣ ሞተር ሦስተኛውና 4.5ኛው ከክልሉ ውጪ ናቸው፤ ስድስተኛው ግን ሹፌሩ ዳገት ሲወጣ በሚይዘው ዙር መሐል ላይ ተቀምጧል። ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ሁሉ ማለት ይቻላል ዳምፐር ተሸክሞ የሚወጣው ከዚህ የተነሣ ነው። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር ሻፍቱ አጭር፣ ስለዚህም ጠንካራ ነው፤ ድግግሞሹ ከፍ ስለሚል ድሮ ብዙዎቹ ያለ ዳምፐር ይሠሩ ነበር።

እንቅስቃሴው በዲግሪ ሲለካ አነስተኛ ነው፤ በጉልበት ሲለካ ግን ሌላ ነው። በ200 ኸርዝ ወደ አንድ ጎን 0.2 ዲግሪ ብቻ የሚወዛወዝ የሻፍት ጫፍ ላይ፣ ከመሐሉ 10 ሳንቲሜትር ርቆ የተቀመጠ ማናቸውም ነገር የምድር ስበትን 56 እጥፍ የሚያህል ግፊት እየተቀበለ ነው፤ ያውም በሰከንድ 200 ጊዜ ወዲያና ወዲህ። ከፊት ያሉ ብሎኖች ለምን እንደሚላሉ፣ የታይሚንግ ጥርሶች ለምን እንደሚበሉና የዘይት ፓምፕ ማርሽ ለምን እንደሚሰነጠቅ ከዚህ ይታያል።

ክፋቱ ደግሞ በመቀመጫ አለመሰማቱ ነው። ሞተር ከተዛባ ወይም አንድ ሲሊንደር ካልሠራ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ መስታወቱ ይንዘፈዘፋል። የመጠምዘዝ ንዝረት ግን በሻፍቱ ዙሪያ ስለሆነ ከሞተሩ አካል ወጥቶ ወደ ሻንሲው የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው። ቮላኖው አጠገብ ደግሞ እንቅስቃሴ ስለሌለ ማርሹና ፍሪሲዮኑም አይናገሩም። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት የተሰበረ ሻፍት ነው።

የተሰበረውም ቢሆን ራሱን ያስረዳል፤ አንባቢ ካገኘ። በመጠምዘዝ የደከመ ሻፍት የሚሰነጠቀው ብዙውን ጊዜ ቢዬላ ወይም ብሮንዚን (ሻፍቱ የሚዞርበት ለስላሳ ቀለበት) ከሚቀመጥበት አንገት ላይ፣ ከዘይት ቀዳዳው አፍ ተነሥቶ ነው፤ ስንጥቁም ከሻፍቱ መስመር ጋር 45 ዲግሪ ያህል ገደድ ብሎ እየዞረ ይሄዳል። ከአንገቱና ከጎኑ ክንፍ መገናኛ ጥግ ተነሥቶ ክንፉን አቋርጦ ቀጥ ብሎ የሄደ ስብራት ግን በአብዛኛው የመጎበጥ ነው፤ እዚያ ተጠርጣሪው ዳምፐሩ ሳይሆን የዋናው ብሮንዚን መቀመጫ መዛባት ወይም ሻፍቱ በወርክሾፕ ሲሞረድ የተሠራ ስሕተት ነው። ሁለቱን ሳይለዩ አዲስ ሻፍት ማስገባት ሁለተኛ ሻፍት መግዛት ነው።

ታሪኩ

የመርከብ ሠሪዎች ችግሩን ከመኪና ሠሪዎች በፊት ያውቁታል። በሃምቡርግ ብሎም ኡንድ ፎስ መርከብ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ኸርማን ፍራም በ1902 ረጃጅም የመርከብ ሻፍቶች ሲሠሩ እንዴት እንደሚጠመዘዙ ለክቶ አሳተመ። በ1909 ደግሞ በምንጭ የታሰረ ተጨማሪ ክብደት የዋናውን አካል ንዝረት እንደሚያጠፋ የሚያሳየውን ፈጠራውን በፓተንት አስመዘገበ። የዛሬው የጎማ ዳምፐር የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው።

በመኪናው ዓለም ነገሩ የተነሣው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ፋሽን ሲሆን ነው። እንግሊዞች በ1900ዎቹ መጀመሪያ በስድስት ሲሊንደር ለስላሳነት ተማርከው ነበር፤ ሞተሩ በባላንስ እንከን የለውም፣ ሻፍቱ ግን ረጅምና ቀጭን ነበር። የሮልስ ሮይስ ባለ 30 የፈረስ ጉልበት መኪና፣ ሁለት ሁለት ሲሊንደር ሦስቴ ተደርድሮ የተሠራው፣ ክራንክ በመስበር ታወቀ። ሄንሪ ሮይስ በ1906 ለታየው ባለ 40/50 መኪና ሞተሩን እንደ አዲስ ነደፈው፤ ሲሊንደሮቹን በሦስት በሦስት አሰረ፣ ሻፍቱን አወፈረ፣ ሰባት ዋና መቀመጫ ሰጠው። በሻፍቱ ፊት ደግሞ በሰበቃ የሚንሸራተት ትንሽ ቮላኖ የማሰር መፍትሔ በሮይስ ስም ይነገራል።

በሌላ በኩል የኮቨንትሪው ዳይምለር ኩባንያ በራሱ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ተመሳሳይ ስብራት ሲገጥመው ፍሬድሪክ ላንቸስተርን አማካሪ አድርጎ ይዞ ነበር። ላንቸስተር ምክንያቱን በትክክል አውቆ፣ ዘይት ውስጥ እርስ በርስ የሚንሸራተቱ ዲስኮች ያሉት ዳምፐር ሠርቶ በ1910 ፓተንት ጠየቀበት። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። የሮልስ ሮይስ ወዳጆች ሮይስ በተግባር ቀድሞ ሠርቶታል፣ ፓተንት አለመጠየቁ ብቻ ነው ይላሉ፤ የላንቸስተር ወገን ደግሞ መሥራትና ለምን እንደሚሠራ ማወቅ ይለያያሉ ባይ ነው። ምናልባት ሁለቱም በየራሳቸው ደርሰውበት ይሆናል። ስሙ ግን ለላንቸስተር ቀርቷል፤ በሰበቃ ወይም በፈሳሽ ብቻ የሚሠራ፣ ምንጭ የሌለው ዳምፐር ዛሬም «የላንቸስተር ዳምፐር» ይባላል። ላንቸስተር ባላንስ ሻፍትንም የፈጠረ ሰው ስለሆነ ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው፤ የስም ግራ መጋባቱ አንዱ ምንጭ ይህ ሊሆን ይችላል።

ስሌቱን ለመሐንዲስ እጅ ያስገባው ኸይንሪኽ ሆልትሰር ነው፤ በ1921 ያሳተመው የሰንጠረዥ ዘዴ ሻፍቱን ወደ ክብደቶችና ምንጮች ከፋፍሎ የራሱን ድግግሞሽ በወረቀትና በእርሳስ ለማግኘት አስቻለ። በ1928 ኦርሞንድሮይድና ዴን ሃርቶግ የተቃኘ ዳምፐር ምን ያህል መብረድ እንደሚያስፈልገው አሳዩ። ስሌትን መናቅ ምን እንደሚያስከትል ግን ከሁሉ በላይ ያስተማረው ግራፍ ዜፔሊን የተባለው የጀርመን አየር መርከብ ነው። በግንቦት 1929 ወደ አሜሪካ ሲጓዝ ከአምስቱ የማይባክ ሞተሮቹ አራቱ ተራ በተራ ቆሙበትና ደቡብ ፈረንሳይ ኩዌር ላይ በጭንቅ አረፈ። የተሰጠው ምክንያት ከጉዞው በፊት በሞተሩና በፕሮፔለሩ መካከል ያለው መጋጠሚያ መለወጡ የሻፍቱን የራሱን ድግግሞሽ ወደ መደበኛው የጉዞ ዙር ማምጣቱ ነበር።

በ1930ዎቹ የአውሮፕላን ሞተር የፔንዱለም ዳምፐር ይዞ መጣ፤ ከዚያ በኋላ መኪኖች ወደ ጎማ ዞሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ደግሞ ሲሊኮን ፈሳሽ በፋብሪካ መጠን መመረት ሲጀምር የአሜሪካው ሁዴይል ኩባንያ የቪስከስ ዳምፐርን አስፋፋ፤ በእንግሊዝ ሃደርስፊልድ በ1952 የተቋቋመው ሆልሴት በናፍጣ ሞተሮች ላይ አዘወተረው።

የጎማ ዳምፐር

በቀላል መኪኖችና በአነስተኛ የጭነት መኪኖች ላይ የሚገኘው ይህ ነው። ሦስት አካል አለው፦ ሻፍቱ ላይ የሚገባው እምብርት፣ ከውጪ ያለው፣ ቀልጦ በቅርጽ የተሠራ የብረት ቀለበት፣ በመካከላቸው የጎማ ቀለበት። ጎማው ወይ ከሁለቱ ብረት ጋር በሙቀት ተጣብቆ ይሠራል፣ ወይ በፕሬስ ተጨምቆ ይገባና በመጨመቁ ብቻ ይይዛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቀለበቱ ክብደትና የጎማው ጥንካሬ ሲታሰብ ለራሱ አንድ ድግግሞሽ አለው፤ ይህም ከሻፍቱ ድግግሞሽ ጋር እንዲቀራረብ ሆን ተብሎ ይቃኛል። ሻፍቱ ወደ ሬዞናንስ ሲገባ ቀለበቱ በተቃራኒው ይወዛወዛል፤ ሻፍቱ ወደፊት ሊሄድ ሲል ቀለበቱ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። አንድ የነበረው ትልቅ ሬዞናንስ ለሁለት ትናንሽ ይከፈላል፤ አንዱ ከቀድሞው ዙር ዝቅ፣ ሌላው ከፍ ብሎ። የጎማው ውስጣዊ ሰበቃ ደግሞ ሁለቱንም ጫፎች ያደበዝዛቸዋል። ሻፍቱ ላይ የነበረው ጉልበት በጎማው ውስጥ ሙቀት ሆኖ ያልቃል።

መቃኘቱ ነው ድክመቱም። ጎማ በዕድሜ ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ሲጠነክር ድግግሞሹ ከፍ ይልና ሊይዘው የነበረውን ዙር ይስታል። ሲሞቅ ደግሞ ይለሰልሳል፤ ዘይት ሲነካው ያብጣል። ሞተር በናፍጣ ወይም በቤንዚን ተነክሮ በብሩሽ መታጠቡ በእኛ ጋራዦች የተለመደ ነው፤ ብረቱን አይጎዳም፣ የዳምፐሩን ጎማ ግን ይበላዋል። ከፊት የዘይት ማሸጊያ የሚያፈሰው ዘይትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የፊት ማሸጊያ የሚያንጠባጥብ ሞተር ላይ ማሸጊያውን ቀይሮ ዳምፐሩን ሳያዩ መልሶ ማሰር ግማሽ ሥራ ነው።

ጎማው ሲላቀቅ ቀለበቱ በእምብርቱ ላይ ይንሸራተታል። ይህ በዓይን ከሚታዩት ብልሽቶች ዋናው ነው። ብዙ አምራቾች በእምብርቱና በቀለበቱ ላይ አንድ መስመር ያበጃሉ፤ ሁለቱ ካልተገጣጠሙ ተንሸራቷል። በአሜሪካው የናፍጣ ሞተር አምራች በከሚንስ መመሪያዎች ልዩነቱ ከ1.59 ሚሊሜትር ካለፈ ዳምፐሩ ይቀየራል፤ ጎማው ከብረቱ ፊት 3.18 ሚሊሜትር በላይ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ተቆርሶ ከጎደለም እንዲሁ። መስመር የሌለው ከሆነ በጠቋሚ ቀለም ራስዎ አስምረው ከጥቂት ሳምንት በኋላ መልሰው ይዩት።

የቀለበቱ መንሸራተት ሌላም መዘዝ አለው። በድሮ የቤንዚን ሞተሮች የታይሚንግ ምልክቱ (ብልጭታው መቼ እንደሚነሣ የሚስተካከልበት) የተቀረጸው በውጪው ቀለበት ላይ ነው። 160 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ቀለበት ዙሪያው 503 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ፣ 10 ሚሊሜትር ብቻ ቢንሸራተት ምልክቱ 7 ዲግሪ ይዋሻል። ታይሚንግ ላይት ይዞ በጥንቃቄ የሚያስተካክል መካኒክ በትክክለኛ መሣሪያ የተሳሳተ ታይሚንግ ይሰጣል፤ ሞተሩ ይግላል ወይም ያንኳኳል፤ ከዚያ ካርቡሬተሩ ይወቀሳል። የአንደኛውን ፒስተን ከፍተኛ ነጥብ በካንዴላ ቀዳዳ በኩል አግኝቶ ምልክቱን ማመሳከር አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ቪስከስ ዳምፐር

ለከባድ ናፍጣ ሞተር ከጎማው ይህ ይሻላል፤ ያለ ጥርጥር። በሲኖትራክ መኪኖች አገራችን በሰፊው የገባው ደብሊውዲ615 ሞተር፣ መሠረቱ የኦስትሪያው ስታየር የሆነው ባለ 9.7 ሊትር፣ ከፊቱ የሚያሳየው ጠፍጣፋ የታሸገ ዲስክ ይኸው ነው።

ከውጪ ሲያዩት ባዶ ቆርቆሮ ይመስላል። ውስጡ ግን በዙሪያው በትንሹ ነጻ የሆነ ከባድ የብረት ቀለበት አለ፤ በቀለበቱና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት የሚሊሜትር ጥቂት አስረኛ ብቻ ሲሆን በጣም ወፍራም ሲሊኮን ፈሳሽ ሞልቶታል። የፈሳሹ ውፍረት ከውሃ በአሥር ሺዎችና በመቶ ሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ክዳኑ በብየዳ ወይም በመቀጥቀጥ ለዘለቄታው ይዘጋል። ሞተሩ በእኩል ፍጥነት ሲዞር ቀለበቱ አብሮ ይዞራል፤ ሻፍቱ ሲጠመዘዝ ግን ቤቱ አብሮ ይወዛወዛል፣ ቀለበቱ ከክብደቱ የተነሣ በራሱ ፍጥነት ይቀጥላል። በመካከል ያለው ፈሳሽ ይላጫል፣ ማለትም ንብርብሩ እርስ በርስ ይንሸራተታል፤ መላጨቱም ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ምንጭ ስለሌለው ለአንድ ዙር አልተቃኘም፤ ብዙ ኦርደሮችን በአንድነት ይገራል።

የፈሳሹ ውፍረት በልክ መሆን አለበት። ቀጭን ከሆነ ቀለበቱ በነጻ ይንሸራተታል፣ ምንም አያበርድም። እጅግ ከወፈረ ቀለበቱ ከቤቱ ጋር አንድ ብረት ይሆናል፤ ይህም ሻፍቱ ላይ ክብደት ከመጨመር በቀር አያበርድም። በሁለቱ መካከል ልኩ አለ፤ እዚያ ላይ ሻፍቱ የሚሰማው የቀለበቱን ክብደት ግማሽ ያህል ነው። ሲሊኮን የተመረጠው ከተራ ዘይት በተለየ ሁኔታ ሲሞቅ ውፍረቱን ብዙ ስለማይለውጥ ነው።

ሲሊኮንም ግን ያረጃል። በዓመታት ሙቀትና መላጨት ውፍረቱ ይለወጥና መጨረሻ ላይ እንደ ጄል ይረጋል ወይም ይደርቃል። በዚያን ጊዜ ዳምፐሩ ከውጪ አዲስ ይመስላል፤ ውስጡ ሞቷል። ክብደት እንደ ጨመረ ብረት ብቻ ስለሚሆን የሻፍቱ የራሱ ድግግሞሽ ዝቅ ይላል፤ አደገኛው ዙር ወደ ሥራው ዙር ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ የቪስከስ ዳምፐር ዕድሜ በሰዓት ይቆጠራል፤ አምራቹ በወሰነው ሰዓት ወይም በሞተር ሙሉ ኦቨርሆል ጊዜ ይቀየራል። «ምንም አልሆነም፣ አጥበህ መልሰው» ማለት ከተበላሸ ሻፍት ጋር ሲነጻጸር ውድ ቁጠባ ነው።

በዓይንና በእጅ የሚደረገው ምርመራ ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ ቤቱ የተጎዳ እንደሆነ ይታያል። ከአንድ ሚሊሜትር በታች የሆነው ክፍተት በአንድ የመዶሻ ምት ይዘጋል፤ ቀለበቱ ይጣበቃል። ሞተር ለማዞር ወይም ቺንጋ ለመወጠር በዳምፐሩ ጠርዝ ላይ ፓሎ ማስደገፍ፣ ሞተር ሲወርድ በፊቱ ማስቀመጥ፣ ከጠረጴዛ መጣል፣ ሁሉም በዚህ ይመደባሉ። የተጎዳ ዳምፐር አይቃናም፤ ይጣላል። ቀጥሎ በክዳኑ መገናኛ ዙሪያ የሲሊኮን ማፍሰስ ይፈለጋል፤ ሲሊኮን እንደ ማር የሚያጣብቅና በቀላሉ የማይታጠብ ስለሆነ አቧራ ከብቦ ጥቁር ቀለበት ይሠራል። ሦስተኛው ውፍረቱ ነው፤ ከቀለሙ ተጠርጎ በዙሪያው አራት ቦታ በማይክሮሜትር ሲለካ ልዩነቱ ከ0.25 ሚሊሜትር ከበለጠ ክዳኑ አብጧል። ያበጠ ማለት ውስጡ ከልክ በላይ ግሎ ግፊት ፈጥሯል። አራተኛው ሙቀቱ ነው። ሞተሩ በጭነት ከሠራ በኋላ ጤነኛ ዳምፐር በዙሪያው ካለው ብረት ሞቅ ይላል፤ እርሱ የሚያጠፋው ጉልበት ሙቀት መሆን አለበትና። በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ሲለካ ቀዝቃዛ ሆኖ የተገኘ ያጠራጥራል። ማቃጠል እስኪደርስ የጋለ ደግሞ ከአቅሙ በላይ እየሠራ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን ጭነቱ ነው። በመርከብና በኃይል ማመንጫ ላይ ያሉ ትላልቆቹ ፈሳሹን ጥቂት ቀድቶ ለላቦራቶሪ መላክ የሚያስችል ብሎን አላቸው፤ በመኪና ላይ ይህ የለም።

ፔንዱለም፣ የብረት ምንጭና ሌሎች

የፔንዱለም ዳምፐር በሻፍቱ ላይ የተንጠለጠለ ክብደት ነው። ምንጩ የሚዞርበት ፍጥነት የሚፈጥረው ወደ ውጪ የመሳብ ኃይል ስለሆነ ድግግሞሹ ከሞተሩ ዙር ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል፤ ስለዚህ ለአንድ ዙር ሳይሆን ለአንድ ኦርደር ይቃኛል። ቀመሩ ቀላል ነው፦ ከሻፍቱ መሐል እስከ ማንጠልጠያው ያለው ርቀት ለፔንዱለሙ ርዝመት ሲካፈል ውጤቱ የኦርደሩ ካሬ መሆን አለበት። ዘጠኝ ሲሊንደር ያለው እንደ ራይት ሳይክሎን ያለ ኮከብ ሞተር (ሲሊንደሮቹ በሻፍቱ ዙሪያ የተደረደሩለት) በዙር 4.5 ጊዜ ያቃጥላል፤ ካሬው 20.25 ነው። ርቀቱ 100 ሚሊሜትር ከሆነ ፔንዱለሙ 5 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ይህን የሚያህል አጭር ማንጠልጠያ ማበጀት ስለማይቻል ክብደቱ በሰፊ ቀዳዳዎቹ ከቀዳዳው ዲያሜትር ባነሱ ፒኖች ላይ ይንጠለጠላል፤ በቀዳዳውና በፒኑ ዲያሜትር መካከል ያለው ልዩነት ርዝመቱ ይሆናል። ፒኑ በጥቂቱ ቢበላ እንኳ ቅኝቱ ይጠፋል።

በኦስትሪያ ሳልስቡርግ በ1958 የተመሠረተው ጋይስሊንገር ኩባንያ በመርከብ ሞተሮች ላይ የሚታሰር፣ በዘይት ግፊት ውስጥ የሚሠሩ የብረት ቅጠል ምንጮች ያሉት ዳምፐር ይሠራል፤ ጎማም ሲሊኮንም ስለሌለው ምንጮቹ ተፈትሸው መልሰው ይገጠማሉ። ባለ ሁለት ክፍል ቮላኖ፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በመኪኖች ላይ የተለመደው፣ ብዙ ሰው ከዳምፐር ጋር ያመሳስለዋል፤ እርሱ ግን የሚጠብቀው ማርሽ ሳጥኑን እንጂ ክራንኩን አይደለም።

መፍታትና ማሰር

ተጨምቆ የሚገባ ዳምፐር የሚወጣው በፑለር ነው፤ የፑለሩ ብሎኖች እምብርቱ ላይ ባሉት ጥርስ የተቆረጠላቸው ቀዳዳዎች ይታሰራሉ። ባለ ሦስት ጥፍር ፑለር የውጪውን ቀለበት ይዞ መሳብ ጎማውን ከእምብርቱ ይነቅለዋል፤ ዕቃው ይወጣል፣ ግን ተበላሽቶ ይወጣል። ሲመለስ በብሎንና በማስገቢያ መሣሪያ ተስቦ ይገባል እንጂ በመዶሻ አይመታም። መዶሻ የፊት ዋና ብሮንዚኑን፣ የክራንኩን የጎን ማቆሚያ ብሮንዚንና የዳምፐሩን ጎማ በአንድ ጊዜ ይጎዳል። እምብርቱን በእሳት ማሞቅም ለጎማ ዳምፐር አይፈቀድም።

የዘይት ማሸጊያው የሚሰበቅበት የእምብርቱ አንገት በጥፍር ሲዳሰስ ጎድጎድ ያለ መስመር ካለው አዲስ ማሸጊያ ብቻውን አያቆመውም፤ ቀጭን የብረት እጅጌ ይገባበታል፣ ወይም ማሸጊያው ትንሽ ወደ ውስጥ ገብቶ ይታሰራል። የመሐሉ ብሎን አምራቹ በሰጠው ልክ፣ ብዙ ጊዜ በኃይልና በዲግሪ፣ ይጠበቃል፤ ሲጠበቅ የሚለጠጥ ዓይነት ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግለው። በአንዳንድ ሞተሮች፣ ለምሳሌ በማዝዳ ኤልና በፎርድ ዱራቴክ ባለ አራት ሲሊንደር፣ የታይሚንግ ማርሹ በኪይ ሳይሆን በዚህ ብሎን ጥብቀት ብቻ ነው የተያዘው። የፑሊ ብሎን ሊፈታ የመጣ ሰው ሳያውቀው ታይሚንጉን ይፈታል፤ ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ።

የስፖርት መኪና ወዳጆች ዳምፐሩን አውጥተው በቀላል የአሉሚኒየም ፑሊ ይተካሉ። ሞተሩ ቶሎ ዙር ያነሳል፤ ይህ እውነት ነው። ግን የሚያጠፋ ሳይኖር የቀረው ንዝረት በክራንኩ ጫፍ ላይ ወዳለው የዘይት ፓምፕ ማርሽ ይሄዳል። ከዱቄት ብረት ተጨምቆ የተሠራ የፓምፕ ማርሽ ተሰባሪ ነው፤ ሲሰነጠቅ የዘይት ግፊት በአንድ ቅጽበት ይጠፋል።

ዳምፐሩ ጥሩ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ሊበድለው ይችላል። አንድ ኢንጀክተር ካልረጨ ወይም አንድ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ካነሰው ምቶቹ እኩል መሆናቸው ይቀርና ጸጥ ብለው የነበሩት ዝቅተኛ ኦርደሮች፣ ግማሽ፣ አንድ፣ አንድ ተኩል፣ ይነሣሉ። ዳምፐሩ ለእነርሱ አልተሠራም። በአምስት ሲሊንደር ረጅም መንገድ የሄደ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ከተጠገነ በኋላ ዳምፐሩ መመርመር አለበት።

በመርከብ፣ ዘገምተኛ ባለ ሁለት ምት ሞተር ከፕሮፔለሩ ጋር በቀጥታ ሲታሰር፣ አደገኛውን ዙር ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ በዙር መቁጠሪያው ላይ በቀይ ይሰመርና ሠራተኛው ቶሎ እንዲያልፈው ይታዘዛል።

ጄኔሬተር ላይ ነገሩ የተለየ ነው። ሞተሩ 50 ኸርዝ መብራት ለመስጠት ሁልጊዜ በአንድ ዙር፣ በአብዛኛው በ1,500፣ ይሠራል፤ ያ ዙር ከአደገኛው ከራቀ ሰላም ነው፣ ከተገጣጠመ ግን ሰዓቱን ሙሉ እዚያው ነው። ከኋላው የታሰረው ከባድ የዳይናሞ ሮተር ደግሞ የጠቅላላ ሻፍቱን ድግግሞሽና ንዝረቱ ዜሮ የሚሆንበትን ነጥብ ይለውጠዋል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ብሎክ ያላቸው የመኪናና የጄኔሬተር ሞተሮች ዳምፐር ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም፤ የብሎን ቀዳዳዎቹ ቢገጥሙም የቀለበቱ ክብደትና የፈሳሹ ውፍረት ይለያያል። ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዳምፐር ሲገዛ ማመሳከሪያው የዲያሜትሩ መመሳሰል ሳይሆን እምብርቱ ላይ የታተመው የዕቃ ቁጥርና ከሞተሩ ሰሌዳ ላይ የሚነበበው የሞዴል ቁጥር ነው።